ሠላሳኛው ጥቅል

ጎንሮኩ የማኪኖሃራን ቁልቁለት ሲወርድ ዓይኑን ከፊቱ ከሚሄደው ሰውዬ ጀርባ ላይ አልነቀለም። መንገዱ ሁለት ቀን በዘነበ ዝናብ ጭቃ ሆኗል፤ ግራና ቀኙ በመደዳ የተተከለ ሻይ ነው፤ እሱ ግን የሚያየው ያንን ጀርባ ብቻ ነበር። ቀጭንና ቀጥ ያለ ጀርባ ነው። ባለቤቱ ስድሳ ዓመት ቢሞላውም ዛሬም ሰይፍ እንደታጠቀ ሰው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ይራመዳል። ሰይፍ መታጠቅ በአዋጅ ከተከለከለ ስምንት ዓመት አልፏል። አዋጅ ከሰው ወገብ ላይ ሰይፍ ይፈታል እንጂ አረማመድ አይፈታም።

ሰውዬው ሙራኪ ሹዜን ይባላል። ጃፓንን ይገዛ የነበረው የሾጉኑ ቤት ሳሙራይ፣ ባለ ሰይፍ ወታደር፣ የነበረ፣ መንግሥት ሲገለበጥ ጌታውንም ቀለቡንም በአንድ ቀን ያጣ፣ ከጓደኞቹ ጋር ወደዚህ ጠፍ አምባ መጥቶ ሻይ የተከለ ሰው ነው። ጎንሮኩ ደግሞ የኦኢ ወንዝ ተሸካሚ ነበር። በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራት፣ ጀልባም ማሳለፍ ክልክል በነበረበት ዘመን፣ መንገደኛን ሁሉ በትከሻው ሲያሻግር ያደገ። አዲሱ መንግሥት ጀልባ ፈቀደ፤ ቆይቶም ድልድይ ተሠራ፤ የተሸካሚ እንጀራ ተቋረጠ። እሱም ወደዚያው አምባ ወጥቶ ሻይ ተከለ። ሻይ እንዲህ ነው፤ ከላይ የወደቀውንም ከታች የወጣውንም አንድ መደዳ ላይ ያሰልፋል።

«ምን ከኋላ ከኋላ ትላለህ? ጎኔ ሂድ እንጂ» አለ ሹዜን ዞር ሳይል።

«ድሮም ከኋላ ነው የምንሄደው፣ ጌታዬ።»

«ድሮ ድሮ ነው። ዛሬ ሁላችንም ሻይ ለቃሚ ነን።»

«እሱስ ነን» አለ ጎንሮኩ። በልቡ ግን፣ ‘አንዱ ከቁጥቋጦ ይለቅማል፣ ሌላው ከሰው መጋዘን’ አለ።

ሹዜን በሁለት እጁ ጥቁር ቅብ የተቀባች ሣጥን አቅፏል። ሣጥኗ በገመድ ታስራ፣ በቋጠሮው ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ በወረቀቱ ላይ የማኅበሩ ቀይ ማኅተም ታትሟል። ውስጧ የሠላሳ ቤት ሠላሳ ጥቅል ሻይ አለ፤ እያንዳንዱ በየቤቱ ምልክት። የጎንሮኩ ምልክት ሦስት ሞገድ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ሺማዳ ከተማ ውስጥ፣ የሻይ አምራቾች ማኅበር ዛሬ ናሙና ይመረምራል፤ ከዮኮሃማ ወደብ የመጣው ሻይ ገዢ ነጋዴም የሚጠብቀው እስከ ቀትር ነው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አምና አሜሪካኖች ቀለም የገባበት ሻይ ወደቤ አይደርስም ብለው ሕግ አወጡ። የጃፓን ሻይ ከሚሸጥበት አገር ሁሉ ትልቁ ገበያ እሱ ነው። ዘንድሮ፣ በንጉሠ ነገሥቱ በሜጂ ዘመን በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ ማኅበሩ ተቋቋመና ቁርጡን ተናገረ፤ ቀለም የተገኘበት ቤት ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ከዚያ በኋላ ሻዩን ለሚስቱ አፍልቶ ይጠጣ። ጎንሮኩ ሚስት እንኳ አልነበረችውም። የነበሩት አራት ሣጥን ሻይና አንዲት ልጅ ናቸው።

ታዲያ ከሦስት ቀን በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቅጠሉን ውርጭ ጎድቶት እንደሆነ ሊያይ ወጥቶ ሳለ፣ ሹዜን ከመንደሩ የጋራ መጋዘን ሲወጣ አየው። ጀርባው ላይ አንድ ሣጥን አዝሏል። ሣጥኑ ላይ ሦስት ሞገድ ነበረበት። ጎንሮኩ በሻዩ መደዳ መሃል ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ሽማግሌው ሣጥኑን እቤቱ አስገብቶ ሌላ ሣጥን ይዞ ተመለሰ፤ እሱም ላይ ሦስት ሞገድ አለ። እንዲህ እያለ አራት ጊዜ ተመላለሰ። የመጋዘኑ ቁልፍና የማኅበሩ ማኅተም በእጁ ነው፤ መንደሩ መርማሪ አድርጎ የመረጠው እሱን ነውና ማንም ምን ታደርጋለህ አይለውም።

ምን እንዳደረገ ለጎንሮኩ ግልጽ ነበር። የሹዜን ማሳ ከአምባው ጫፍ ላይ ስለሆነ ዘንድሮ ውርጭ መትቶታል ይባላል። ስለዚህ የራሱን ገለባ የጎንሮኩ ምልክት ባለበት ሣጥን ጨምሮ፣ የጎንሮኩን የመጀመሪያ ለቀማ ለራሱ ወስዷል። ለማን አቤት ይባላል? የወንዝ ተሸካሚ ሳሙራይን ሌባ ቢል ማን ይሰማዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሱ ግን ጠርጥሮም ተመንጥሯል። ሦስት ቀን ሙሉ ንዴቱን እንደ ትኩስ ድንች በአፉ ይዞ ዋለ።

«ሣጥኗን ልያዝልዎት?» አለ።

«አይ፣ እኔው እይዛታለሁ።»

«እንዳትከብድዎት ብዬ ነው።»

«ሻይ ናት፤ ድንጋይ አይደለችም።» ሹዜን ሣጥኗን ጠበቅ አድርጎ አቀፈና፣ «ኦኪኑ ደህና ናት?» አለ።

«ልጄ? ምነው ጠየቋት?»

«እንዲያው።»

ይህ ሰው እንዲያው አይጠይቅም። ጎንሮኩ በዚህ ሌላ ተንኮል ፈለገለት። ኦኪኑ አምና ዮኮሃማ ወርዳ፣ ከውጭ ነጋዴዎች ግቢ በአንዱ፣ ሻይ እንደገና በብረት ምጣድ እየታመሰ ለመርከብ በሚዘጋጅበት ቤት ስትሠራ ከርማለች። ሹዜን ‘ልጅህ ዮኮሃማ የዋለች ናት’ ብሎ ነገሩን በእሷ ሊያላክክ ይሆን? ልጅቷ ሰሞኑን የጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ሆኖ አይቶ፣ ምንድን ነው ብሏት፣ «ጨርቅ ነክሬ ነው አባዬ» ብላው ነበር። እሱም አምኗት ምሳውን በላ።

ከወንዙ ሲደርሱ ድልድዩ ወገቡ ተቆርጧል። ደራሽ ውሃ መሃሉን ይዞት ሄዶ፣ ሁለቱ ጫፎች ተኳርፈው ይተያያሉ። በዳርቻው ግን ሠርግ የተደገሰ ይመስላል። እንደ ነፍጥ ቀጥ ብለው የነበሩ፣ ዛሬ የጎበጡ የድሮ ተሸካሚዎች ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ መንገደኛ በትከሻቸው እያነሱ ይጯጯኻሉ። አሥራ አራት ዓመት የረሳቸው ወንዝ ለአንድ ቀን አስታውሷቸዋል።

«እስከ ጡት ነው ዛሬ! እስከ ጡት!» ይላል ካንቤይ የሚባለው። ድሮ የተሸካሚዎች አለቃ ነበር፤ ዛሬ ጥርሱ ቢረግፍም ድምፁ አልረገፈም። የውሃው ከፍታ የሚለካው በሰው ገላ ነው፤ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ እስከ ጡት። ብብት ከነካ ወንዙ ተዘጋ ማለት ነው። «ማነው ይሄ? ጎንሮኩ! አንተ ሻይ አብቃይ! ትከሻህን የወፍ ማስፈራሪያ አድርገኸው የለም እንዴ?»

«ና ልሸከምህና ታየዋለህ!» አለ ጎንሮኩ። ደስ አለው፤ ለአፍታ ንዴቱን ሁሉ ረስቶ ነበር።

ልብሱን አውልቆ ጠቀለለና ጭንቅላቱ ላይ አሰረ። ከዚያ በርከክ አለ። ሹዜን አንገቱ ላይ ተቀመጠ፤ እግሮቹን በደረቱ ላይ ለቀቀ፤ ሣጥኗን ጭኑ ላይ አደረጋት። ሽማግሌው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀሎታል። ‘ምን ይበላል ይሄ ሰው?’ አለ ጎንሮኩ በልቡ። ወዲያው ግን ‘የእኔን’ ብሎ ለራሱ መለሰ።

ውሃው ቀዝቃዛና ድፍርስ ነበር። ተሸካሚ ወንዝ ውስጥ እግሩን አያነሳም፤ ከድንጋይ ድንጋይ በጣቱ እየዳበሰ ያንሸራትታል እንጂ። ጉልበቱ ላይ ደረሰ፣ ወገቡ ላይ ደረሰ። የመሃሉ ጅረት ሲመጣ ውሃው ጡቱን መታው። የዳርቻው ጫጫታ ከኋላ ቀረ፤ የማዶው ገና አልተሰማም። እዚያ ላይ ጎንሮኩ ቆመ።

«ምነው?» አለ ሹዜን ከላይ።

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል፣ ጌታዬ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው።»

«እዚህ?»

«እዚህ። የትከሻ ወግ ያውቃሉ መቼም። ትከሻ ላይ የተነገረ ከወንዝ አይወጣም። ከአገረ ገዢውም ጀምሮ እስከ ለማኙ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያዘው ተሸካሚው ነው።» እግሩን በድንጋዮቹ መሃል ተከለ። «አራት ሣጥኔን የት አደረሱት?»

ሹዜን ሣጥኗን ወደ ደረቱ ሳብ አደረጋት። 

«አየሁዎት እኮ! ጎህ ሲቀድ! የእኔን ይዘው ገብተው በገለባዎ ሞልተው ሲመልሱ! አንድ ጊዜ አይደለ፣ አራት ጊዜ! ወደ ወንዝ ብጥልዎት ሰው አይፈርድብኝም!»

«አይቼሃለሁ» አለ ሹዜን ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«መደዳው ውስጥ ቁጢጥ ብለህ። ያንተ ትከሻ በሻይ ቁጥቋጦ ይሸፈናል ብለህ ነው? ወጥተህ እስክትጮህብኝ ሦስት ቀን ጠበቅሁ።»

ጎንሮኩ አንገቱን ወደ ላይ ሊያዞር ሞከረ።

«ሣጥኖችህ ወለሌ ሥር ናቸው» አለ ሹዜን። «እኔ የሞላሁልህ ገለባ አይደለም። የራሴ የመጀመሪያ ለቀማ ነው። ውርጩ የነካው የታችኛውን ማሳ ነው፤ የላይኛው እንደ ዘንድሮ አምሮበት አያውቅም።»

«ምን ልሁን ብለው ነው የራስዎን ሻይ በእኔ ሣጥን የሚጨምሩት?»

«ያንተ ሰማያዊ ስለሆነ ነው።»

አንድ ግንድ እየተንከባለለ መጣና አጠገባቸው አለፈ። ጎንሮኩ የሽማግሌውን ቁርጭምጭሚት አጥብቆ ያዘ። መያዙን ግን አላወቀውም።

«ናሙናውን ከመላኬ በፊት እቤቴ ሁሉንም በነጭ ሲኒ ሞክሬ ነበር» አለ ሹዜን። «የሃያ ዘጠኙ ቤት ጥሩ ነው። ያንተን ስቀዳው ከሥሩ ሰማያዊ ዱቄት ዘቀጠ። እኔም አንተን ነው የጠረጠርሁት፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ‘ይሄ የወንዝ ሌባ መንደሩን ሊያስፈጅ ነው’ አልኩ። ላስርህ ስመጣ ቤት ያገኘሁት ኦኪኑን ነው። ገና ሲኒውን ስታይ አለቀሰች።»

«ጨርቅ ነክሬ ነው ብላኝ ነበር» አለ ጎንሮኩ።

«ዮኮሃማ ያስተማሯት እንዲህ ነው። ምጣዱ ሲግል ሰማያዊውን ዱቄት ይበትናሉ፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ አዛዡ ቆሞ ‘ጨምሩ! ጨምሩ!’ ይላል። ያልተቀባ ሻይ ያልተጠናቀቀ ሻይ ነው ብለው ነግረዋታል። ‘አባዬ ይሄን ስለማያውቅ ነው ሻዩ በርካሽ የሚሄድበት’ ብላ፣ አንተ እርሻ ስትውል ማድረቂያው ላይ ቀባችልህ። ልታስደስትህ ነው፣ አንተ ሰው። ስለ አዲሱ ሕግ ወሬ የሰማችው ሣጥኖቹ መጋዘን ከገቡ በኋላ ነው። ፈርታ ዝም አለች።»

ጎንሮኩ ያን ጊዜ የተሰማውን ሊለየው አልቻለም። ልጁን መምታት ፈለገ፤ ደግሞ እቅፍ አድርጎ መያዝ ፈለገ። ከሁሉ የበለጠ ግን አፈረ። የሰማያዊውን ጥፍር አይቶ ምሳ የበላው እሱ ነው። ዓይኑ ሥር ያለውን ትቶ የሰው ጀርባ ሲሰልል ከረመ።

«ለምን?» አለ በመጨረሻ። «መንደሩን ማዳን ከሆነ የእኔን ጥቅል አውጥተው መጣል ይበቃ ነበር።»

«ናሙና ያላቀረበ ቤት ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ የልጅቷ ነገር ይወጣል።» ሹዜን ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሞ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ከሾጉኑ ከተማ ከኤዶ ስንባረር በዚህ ወንዝ ያሻገርከኝ አንተ ነህ።»

«የተሸከምኩት ሰው ብዛቱ…»

«አንገትህ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። እንባዬ መላጣህ ላይ ሲንጠባጠብ አንተ ቀና ብለህ አላየህም። ‘ዛሬ ውሃው ይረጫል ጌታዬ’ አልከኝ። ማዶ ስንደርስ ጓደኞቼ ሲጠይቁህም ‘ውሃው ይረጭ ነበር’ አልካቸው። ሚስቴ እንኳ ሲያለቅስ ያላየችውን ሰው አይተህ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልክም።»

«ረስቼዋለሁ» አለ ጎንሮኩ። አልረሳም ነበር።

«እንግዲህ ተንቀሳቀስ፤ እግሬ ደነዘዘ።»

«እርስዎስ ዘንድሮ ምን ሊበሉ ነው? የራስዎን ሰጥተው?»

«ሳሙራይ ባይበላም ጥርሱን ይጎረጉራል።»

«ስንጥሩንስ ከየት ሊያመጡ ነው?» አለ ጎንሮኩ። ከላይ ጭርር ያለ ሳቅ ሰማ። እሱ ግን አልሳቀም። «ሣጥኗን ይፍቷት።»

«ምን አልክ?»

«ይፍቷት። ባለ ሦስት ሞገዱን ጥቅል አውጥተው ወንዙ ውስጥ ይጣሉት።»

«አብደሃል! ማኅተሙ ይቀደዳል!»

«ይቀደድ። የእርስዎን ሻይ የእኔ ነው ብዬ ሸጬ ገንዘቡን በምን አፌ ልብላው? እርስዎስ በሐሰት ቃል ላይ ማኅተም አድርገው ምን አፍ ይኖርዎታል? ነገ ቢታወቅ የሚፋቀው የእኔ ስም ብቻ አይደለም፤ ሠላሳው ቤት ነው። አራቱን ሣጥን ወደ ራስዎ ምልክት ይመልሷቸው። የእኔን ሰማያዊ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ።»

«ለምን ቀረ ሲሉህ ምን ልትል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

«አልጥልም!»

«እንግዲያው እዚሁ እንቆማለን። ቀትር ቅርብ ነው። የእኔ እግር የድሮ እግር ነው፤ የእርስዎን አላውቅም።»

ከላይ የሳሙራይ ስድብ ወረደበት፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ስድብ ከሾጉኑ ዘመን ወዲህ አልሰማም። ቆመ። ውሃው ከጡቱ ወደ ብብቱ እየተጠጋ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወረቀት ሲቀደድ ሰማ፤ ቀጥሎ አንድ ትንሽ ነገር ከጎኑ ጠብ አለ። ሦስቱ ሞገድ ከሞገዱ መሃል ለአፍታ ታየና ሰጠመ። ጎንሮኩ እግሩን አንሸራተተ።

ማዶ ሲወጡ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የአገሩን ቀሚስ፣ ኪሞኖ፣ ለብሶ የምዕራባውያን ባርኔጣ ያደረገ ወጣት፣ ከዳርቻው ይጠብቅ ነበር። ካንቤይም ሌላ መንገደኛ አድርሶ እዚያው ቆሟል። ጸሐፊው ሣጥኗን ሲቀበል ዓይኑ ቋጠሮው ላይ ቀረ።

«ማኅተሙ ተቀድዷል» አለ።

 ጸሐፊው ከፈተና ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «ሃያ ዘጠኝ። ሦስት ሞገድ የለም። የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ጎንሮኩ።

«ምን ሆነ? መርማሪው፣ ሣጥኑን የከፈተ ማነው?» ወጣቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከተ፤ በዚህ ማኅበር ሥራው መጠርጠር ነው፣ ደህና አድርጎም ይሠራል። «የገዛ ናሙናውን ያጠፋ ሰው የሚደብቀው ነገር ይኖረዋል።»

ሹዜን አፉን ሲከፍት ጎንሮኩ ቀደመው።

«መሃል ላይ አዳለጠኝ። ሣጥኗ ከእጃቸው ወድቃ ስይዛት ቋጠሮው ተፈታ። አንዱን ወንዙ ወሰደው። የእኔ መሆኑ ዕድሌ ነው።»

ካንቤይ ከት ብሎ መሳቅ ጀመረና አቋረጠ። «ማን? አንተ? አዳለጠህ?» ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ጎንሮኩ ጣለ! ያ ሣር እንኳ ከትከሻው አይወርድም የምንለው! ሃያ ዓመት ሠርቶ የሰው ነጠላ ጫማ ያላስወሰደው!»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞሩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ እንደ ሟች አየው። ጎንሮኩ ፊቱ ሲግል ተሰማው። ከአንድ ንጉሣዊ መኮንን እስከ ሕፃን ልጅ ድረስ በአንገቱ ያለፈ ሁሉ ደርቆ ነው ማዶ የደረሰው፤ በዚህ ዓለም የእኔ ነው ብሎ የሚኮራበት ያ ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ የተንቀሳቀስኩበት» አለ ሹዜን ለጸሐፊው። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አይ» አለ ጎንሮኩ። «እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ጸሐፊው የካንቤይን ፊት አየ። የተሸካሚዎቹ ሳቅ ከማንኛውም ምስክር በለጠበት፤ ማንም ለውሸት ብሎ በራሱ ላይ እንዲህ ያለ ውርደት አይጭንም ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ብሩሹን አርጥቦ «በወንዝ የጠፋ» ብሎ ጻፈና ሣጥኗን ይዞ ገባ።

ጎንሮኩ ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከውስጥ የፈላ ውሃ በነጭ ሲኒ ሲቀዳ ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ ምራቅ ሲተፋ፤ ከዚያ ሌላ ሲኒ። በእያንዳንዱ ጸጥታ ትንፋሹን ያዘ። ለኦኪኑ ምን እንደሚላት አሰበ። ‘ጥፍርሽን አየሁት፣ ግን አላየሁትም’ ሊላት ነው። ዘንድሮ ሁለቱም የሰው የቀን ሠራተኛ ይሆናሉ። ከርሞ ቁጥቋጦው እንደገና ያወጣል።

ሹዜን ወጣ። «ሃያ ዘጠኙም አለፉ» አለ። «ነጋዴው ሁሉንም ገዛ።»

«ደግ።»

«ልጅቷን እንዳትመታት።»

«አልመታትም።»

ወደ ወንዙ ወረዱ። ውሃው ጎድሎ ወደ ወገብ ተመልሷል፤ ተሸካሚዎቹም ገና ሳቃቸውን አልጨረሱም። ካንቤይ ሹዜንን ሲያይ ሮጦ መጣና ከፊቱ በርከክ አለ።

«ጌታዬ፣ በእኔ ይሂዱ! ያኛው ሰው ይጥልዎታል!»

ዳርቻው በሳቅ ተናወጠ። ጎንሮኩ ልብሱን እየጠቀለለ አንገቱን ደፋ። ሹዜን ካንቤይን እንደ ድንጋይ ዞሮት አለፈ። ሁሉም እያዩት ጎንሮኩ ፊት ቆመና የቀኝ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«ዝቅ በል» አለ።

ጎንሮኩ ዝቅ አለ።